በሰው ቤት ስናገለግል፦ የእንግዳ አደብና የበየዳ ክረምት

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የክረምቱ ዕረፍት ሲቃረብ ከጀመዓችን ብዙዎች ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዘገባሉ። ስለ ኒያና ስለ ኢኽላስ በየዓመቱ ትምህርት ይሰጣል፤ አልሐምዱሊላህ። የዛሬው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ የምንዘልለውን ጉዳይ ይመለከታል፦ ገጠር ሄዶ በማያውቀው ቤተሰብ ቤት እየኖረ የሚያገለግል ተማሪ ሊይዘው የሚገባውን አደብ። አገልጋይ ከመሆናችን በፊት በዚያ ቤት እንግዳ ነንና።

ታሪኩን ከእንግዳው ወገን እንየው

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ የተራበ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። በባለቤቶቻቸው ቤት ሁሉ ቢጠየቅ ከውኃ በቀር ምንም ጠፋ። ከአንሷሮች አንዱ እንግዳውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ወሰደው። በቤቱ የነበረው የልጆቹ ራት ብቻ ነው። ባልና ሚስት ተማክረው ልጆቹን አስተኟቸው። ሚስትየዋ መብራቱን የምታስተካክል መስላ አጠፋችው። በጨለማ አብረውት የሚበሉ መስለው እንግዳውን አበሉት፤ እነሱ ጦማቸውን አደሩ። በሱረቱል ሐሽር 9ኛው አንቀጽ ላይ፣ እያስፈለጋቸው ሌላውን ስለሚያስቀድሙ ሰዎች የተነገረው ምስጋና ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ይወሳል።

ይህን ታሪክ በሰማን ቁጥር ራሳችንን የምናስቀምጠው በአንሷሩ ቦታ ነው። «እኛም እንደሱ እንሁን» እንላለን። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ሌላም ሰው ነበር። እንግዳው የበላው የልጆቹን ራት መሆኑን አላወቀም። ተርቦ ስለመጣና ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ አይወቀስም። ለሁለት ወር ቢቀመጥ ኖሮስ? በየማታው መብራት እየጠፋለት እሱ ሳያውቅ ቢበላ ኖሮስ?

እኔ በበየዳ ያ እንግዳ ሆኜ አውቃለሁ።

የእኛ ዕረፍት፣ የእነሱ ጭንቅ

በየዳ ከጎንደር ሩቅ ነው። ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል፤ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ቧሂትን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሻግሮ በጃናሞራ በኩል የወረዳው ከተማ ወደሆነችው ድል ይብዛ ያደርሳል። የአገራችን ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን ያለው በዚያው አካባቢ ነው። ደጋው የገብስ አገር ነው። ብርዱን ያልቀመሰው አያውቀውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እንድሰጥ ወደዚያ ተላክሁ። የተመደብሁበት ቤተሰብ ክርስቲያን ነው። አባትየውን «አባባ»፣ እናትየዋን «እማማ» እላቸው ነበር። የመጀመሪያው ማታ እማማ ራት አቅርበው ገና ሳልጠይቃቸው፣ «የእስላም ልጅ መሆንህን ነግረውናል። ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም፤ አትፍራ ልጄ» አሉኝ። ለእኔ ሲሉ ድስት ገዝተዋል። ደስ አለኝ፤ አመስግኜ በላሁ። ድስቱ ከምን ገንዘብ እንደተገዛ ግን አላሰብሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደጋ ያለ ገበሬ በዚያ ወቅት የዘራው ገና ማሳ ላይ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ጎተራው ወለል ላይ ደርሷል። ጥቅምትና ኅዳር እስኪመጣ ያለችውን ቆጥቦ፣ ካልሆነም ተበድሮ ይሻገራል። እኛ የምናገለግልበት ጊዜ የምናገለግለው ሕዝብ እህል የሚያጥርበት ጊዜ ነው። ይህን ከማኅበረሰቡ የወጣን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለልጆቹ መቀነስን አስተምር ነበር። ከመጽሐፉ መልመጃ ይልቅ እያንዳንዱ ከቤቱ የራሱን ጥያቄ እንዲያወጣ አዘዝሁ። አንዱ የበግ፣ አንዱ የእንቁላል ጥያቄ አወጣ። የአስተናጋጆቼ ትንሹ ልጅ ተራው ሲደርስ ቆሞ፣ «እናቴ ከጎረቤት አራት ቁና ገብስ ተበደረች፤ አንዱን መለሰች፤ ስንት ቀረባት?» አለ። ልጆቹ «ሦስት!» ብለው ጮሁ። መልሱ ትክክል ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጁን ለብቻው መቼ እንደተበደሩ ጠየቅሁት። «አንተ ስትመጣ» አለኝ።

በማግስቱ ገንዘብ ልሰጣቸው አሰብሁና አስቀድሜ እዚያው የሚኖር አንድ መምህር አማከርሁ። «ብር ብትሰጣቸው ቤታቸውን ምግብ ቤት አደረግኸው ማለት ነው፤ ይቀየሙሃል። ልጅ ግን ከገበያ ባዶ እጁን አይገባም። ገበያ ውጣ» አለኝ። በገበያ ቀን ገብስ፣ ጨውና ቡና ገዝቼ በአህያ አስጭኜ ገባሁ። እማማ በር ላይ ቆመው፣ «ምነው ልጄ፣ ቤታችን ጠበበህ?» አሉኝ። «እናቴ ቤትም ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅ» አልኋቸው። ዝም ብለው ጭነቱን ማውረድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በየገበያው ማምጣቴ እንደ ልማድ ተቆጠረልኝ፤ በመካከላችን ቃል አልተነሳበትም።

አስተናጋጅ ወጪውን ይደብቃል

ይህ የበየዳ ሰዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። በሱረቱ ዛሪያት የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንግዶች ታሪክ ተነግሯል። ኢብራሂም እንግዶቹን ምን እንደሚሹ ሳይጠይቁ ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄደው የሰባ ወይፈን አመጡላቸው። የተፍሲር ሊቃውንት ከዚህ ትምህርት ወስደዋል፦ እንግዳው እንዳይሳቀቅና እንዳይከለክል አስተናጋጅ ዝግጅቱን በስውር ያደርጋል።

እንግዲህ መልካም አስተናጋጅ ወጪውን የሚደብቅ ከሆነ፣ መልካም እንግዳ የተደበቀውን የማወቅ ግዴታ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንግዳን ማክበር የኢማን ምልክት መሆኑን ባስተማሩበት በዚያው ትምህርት፣ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰደቃ መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቀመጥ እንደማይፈቀድለት ነግረውናል። ልብ በሉ! ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሰደቃ የምንቀበለው እኛ ነን። «ለድሃ ገበሬ ላገለግል ነው» ብሎ የሄደ ተማሪ ከድሃው ገበሬ ሰደቃ እየበላ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና በገቡ ጊዜ የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ከሀብታቸው ግማሹን ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን ዱዓ አድርገውላቸው የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። ግብዣውን አልናቁም፤ ወንድማቸውንም አላከበዱም። ያ መምህር «ገበያ ውጣ» ሲለኝ ይህን ታሪክ ያውቅ ኖሯል አልልም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

በሐበሻ ምድር እንግዳ የነበሩት

እንግድነት ለሙስሊም ኡማ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም በእኛው አገር። በነቢይነት 5ኛው ዓመት (615 እ.ኤ.አ ገደማ) 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ የሚነገርላቸው የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ መጡ። ቀጥሎ የመጡት ከ80 በላይ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ሳይቆጠሩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የተመለሱት ኸይበር በተከፈተ ጊዜ፣ በሂጅራ 7ኛው ዓመት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ እምነታቸው በተለየ ሕዝብ መካከል ኖሩ። ስለ ነጃሺ ፍትሕ ሁልጊዜ እናወራለን። እንግዶቹ እንዴት እንደኖሩ ግን ብዙ አንመረምርም። ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ ማንነታቸውን አልደበቁም። ጃዕፈር ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ፣ በማግስቱም ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ፣ አስተናጋጁን ለማስደሰት ብለው አንዲት ቃል አልቀየሩም፤ በጨዋነት ግን ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ የአስተናጋጃቸውን ጭንቀት ተጨነቁ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረኩት፣ በነጃሺ ላይ ባላንጣ በተነሳበት ጊዜ ከዚያ የበረታ ሐዘን ደርሶባቸው አያውቅም ነበር። ወጣቱ ዙበይር (ረ.ዐ) በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ዋኝቶ ተሻግሮ የውጊያውን ወሬ አመጣላቸው። ነጃሺ እንዲያሸንፉም አላህን ለመኑ። የአገሩ ጉዳይ የእነሱም ጉዳይ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ ተማሩ። የጃዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የሐበሻ ሰዎች የሴትን አስከሬን ገላ በማያሳይ በተሸፈነ ቃሬዛ ሲሸኙ አይታ፣ ወደ መዲና ከተመለሰች በኋላ ለፋጢማ (ረ.ዐ) እንዴት እንደሚሠራ አሳየቻት፤ ፋጢማም ወደደችው። የነቢዩ ልጅ የተሸኘችበት ሥርዓት ከሐበሻ ሕዝብ የተወሰደ ትምህርት ነበር። እንግዳ ሆኖ ኖሮ ምንም ሳይማር የተመለሰ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የኖረ ነው።

ከእኛ በፊት የሄዱት

ገጠር ሄዶ ማገልገል በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ አዲስ አይደለም። በዚሁ በጎንደር፣ በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎች በቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ እንዲሠሩ መደረጉ የኮሌጁ መለያ ነበር። ዛሬም የጤና ተማሪዎቻችን በዚሁ መንገድ ይወጣሉ። ዳባት ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ጤና ቤት ለቤት እየጠየቀ የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል አለ። የዳባት እናት ስንት ጊዜ በሯን ከፍታ ለማታውቀው ተማሪ መልስ እንደሰጠች አስቡት። ከዩኒቨርሲቲው ለሕዝቡ የሄደውን ስንቆጥር፣ ከሕዝቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣውንም እንቁጠር።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ነበር። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ሄደ። ብዙዎች አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። በአንዳንድ ቦታ ግን ከአካባቢው ባለሥልጣናትና ባለመሬቶች ጋር ተጋጭተው ሕይወት እስከ መጥፋት ደረሰ። የሄዱት በቅን ልብ ነበር። ቅን ልብ ብቻውን ግን የሰውን አገር አያሳውቅም።

ከውጭም የመጡ ነበሩ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ በጎ ፈቃደኞች በ1962 (እ.ኤ.አ) ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከ2007 (እ.ኤ.አ) ወዲህ በመጡት ዙሮች ሠልጣኞቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለሁለት ሦስት ወር ከኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጋር እየኖሩ ቋንቋና ባህል ይማሩ ነበር። ለቤተሰቡም የቀለብ ክፍያ ይከፈል ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ቀለቡን ከፍሎ ሲበላ፣ የሐምሌን ጎተራ ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ በነጻ መብላታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

በ1968 (እ.ኤ.አ) ኢቫን ኢሊች የተባሉ ቄስ በሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ ከተማ፣ ለበጎ ፈቃድ ለመጡ አሜሪካውያን ተማሪዎች ንግግር አድርገው ነበር። መልእክታቸው የከረረ ነው፦ ለመጎብኘትና ለመማር ከሆነ ኑ፤ ልትረዱን ከሆነ ግን አትምጡ የሚል። እስከዚያ ድረስ ላንሄድ እንችላለን። ቢሆንም ለመርዳት የሄደ ሰው ለመማር ካልተዘጋጀ እንደሚጎዳ ከእሳቸው ንግግር መውሰድ እንችላለን። ከመካከላችሁ በ2010 (እ.ኤ.አ) በተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ትኖራላችሁ። አደቡ አይለወጥም። እንዲያውም ቋንቋውን በማታውቁበት ቤት የተደበቀውን ማየት ይበልጥ ይከብዳል።

ልንይዛቸው የሚገቡ አደቦች

1. ቀለብ ከሰው ይቀድማል። ከመሄዳችን በፊት የሁለት ወር ቀለባችን ከምን እንደሚሸፈን ከአስተባባሪው ጋር እንነጋገር። ከተቻለ እህሉ እኛ ከመድረሳችን በፊት ቤቱ ይድረስ። ካልተቻለ በመጀመሪያው ገበያ እንሸምት። የሚሰጠው ግን ቤተሰቡን በሚያስከብር መንገድ ይሁን። በሱረቱል በቀራ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ተነግሮናልና፣ ስለ ሰጠነው ነገር አንድም ቃል አናንሳ።

2. የምግብን ጉዳይ ቀድመን እናቅልለው። በአገራችን የቆየው ልማድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ መብላቱ ነው። አስተናጋጅ ሊያከብረን ሲፈልግ ዶሮ ወይም በግ አቅርቦ «አንተው እረደው» ሊለን ይችላል። እኛ ካረድነው ግን እነሱ አይበሉትም፤ የቤቱ በግ ለአንድ እንግዳ አለቀ ማለት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ሽሮና ጎመን ከሁሉ ይበልጥብኛል» ብሎ መናገር ለሁለቱም ወገን እረፍት ነው። ጠላ ሲቀርብ ፊት ሳናጠቁር «ውኃ ይስጡኝ» እንበል። ስለ መጠጥ ትምህርት መስጠት ያን ጊዜ ቦታው አይደለም።

3. ጾማቸውን እናክብር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ሕፃናትም ይጾሙታል። እማማ በዚያ ሰሞን ለእኔ ብቻ እንቁላል ቀቅለው አቀረቡልኝ። የሰባት ዓመቱ ልጅ እያየኝ ነበር። «እናንተ የምትበሉትን እበላለሁ» ብዬ መለስሁት። እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የእኔም የሥጋ ጭንቀት አብሮ ቀለለ።

4. ሰላታችንን በግልጽ፣ ሳናስቸግር እንስገድ። በሰሜን ተራሮች ሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ እስኪዛወሩ ድረስ በፓርኩ ውስጥ በዚያ ከፍታ የኖሩ ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ ተደብቀን የምንሰግድበት ምክንያት የለም፤ «እዚህ ጥግ ብሰግድ ይከብዳችኋል?» ብሎ መጠየቅ ግን አደብ ነው። ከበየዳ ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በመንገድ ላይ ቀስር እናደርጋለን፤ ሁለት ወር ለመቀመጥ ነይቶ የተቀመጠ ግን በአራቱም መዝሀቦች ሙሉ ይሰግዳል። ለብርዱ ኹፍ ይዛችሁ ሂዱ። ነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው ያብስበታል። ውኃው ከምንጭ በእንስራ የመጣ መሆኑንም አንርሳ። ለዉዱእ የምንጠቀምበትን ራሳችን እንቅዳ፤ በዉዱእ ውኃ ማባከን መክሩህ መሆኑን የምንማረው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

5. ባለ አንድ ክፍል ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። መደቡ ላይ ማን እንደሚተኛ፣ መቼ መውጣትና መግባት እንደሚገባ አባወራውን እንጠይቅ። ወንድ ተማሪ አባወራው በሌለበት ከቤቱ ሴቶች ጋር ብቻውን አይቀመጥ። እህቶች ብቻቸውን አይመደቡ፤ ሁለት ሆነው፣ እናት ባለችበት ቤት ይደሩ። ይህን ቀድሞ ማስተካከል የአስተባባሪዎች አማና ነው።

6. ሥራቸውን እንሥራ፤ ሰዓታቸውን እንከተል። እኔ ጠዋት በሁለት ሰዓት ክፍል ብከፍት ማንም አልመጣም። ልጆቹ ከብት ጥበቃና አረም ላይ ነበሩ። አንድ ሳምንት ተናደድሁ። ከዚያ አረሙን አብሬ ማረም ጀመርሁ፤ ትምህርቱንም ከብቶቹ ወደሚግጡበት ሜዳ ወሰድሁት። ፊደሉን በድንጋይ ላይ በከሰል ጻፍን። የመጡት ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ስንዴን ከገብስ ቡቃያ መለየት ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ተማርሁ።

7. የተላክንበትን ብቻ እንሥራ። ወላጆች ልጆቻቸውን የሰጡን ለሒሳብና ለንባብ ነው። ይህን አማና ለሌላ ነገር መጠቀም፣ ዓላማው መልካም ቢመስለንም እንኳ ክህደት ነው። ሰው ስለ ዲናችን ከጠየቀን እንደ ጃዕፈር በጨዋነት እንመልስ። ካልጠየቀን ጠባያችን ይናገር። አላህ በሱረቱል ሙምተሒና በዲናችን ምክንያት ላልተዋጉን፣ ከቤታችንም ላላባረሩን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሐዊ መሆንን አልከለከለንም።

8. የሰውን ችግር ለፎቶ አናውለው። የተቀደደ ልብስ የለበሰን ልጅ አቅፎ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም መልቀቅ ሁለት ጉዳት አለው፦ የእኛን ሥራ በሪያእ ይበክላል፣ የቤተሰቡንም ገበና ያወጣል። ያ ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፎቶውን ቢያየው ምን ይላል? ፎቶ ከፈለግን አስፈቅደን፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው እናንሳቸው፤ አሳጥበንም እንላክላቸው።

9. የማንፈጽመውን ቃል አንስጥ። «መጽሐፍ እልክላችኋለሁ»፣ «ከርሞ እመጣለሁ» ማለት በስንብት ሰዓት ቀላል ነው። ልጅ ግን ይቆጥራል። «ኢንሻአላህ» ለማንፈጽመው ነገር መሸፈኛ አይደለም። ቃል ካልሰጠን ማንም አይጠይቀንም፤ ሰጥተን ከቀረን ከኋላችን ለሚሄደው ተማሪ በሩን ዘጋንበት።

10. በጊዜው እንውጣ። በሱረቱል አሕዛብ አማኞች በነቢዩ ቤት ከበሉ በኋላ ለወሬ እንዳይቆዩ ታዘዋል፤ ነቢዩ «ሂዱ» ለማለት ያፍሩ ነበርና። የገጠር አስተናጋጅም አፍሮ «ሂድ» አይልም። የመመለሻችን ቀን የታወቀ ይሁን፤ ስንወጣም ያቆሸሽነውን አጥበን፣ የተዋስነውን መልሰን እንውጣ።

መደምደሚያ

ጳጉሜን ሳይገባ ከበየዳ ተነሣሁ። አባባ እስከ መኪናው መቆሚያ ሸኙኝ። እማማ ለመንገድ በሶ ቋጥረውልኛል። እንዳልቀበል አስቤ ነበር፤ የተበደሩት ሦስት ቁና ትዝ አለኝ። ነገር ግን ፊታቸውን አይቼ ተቀበልሁ። እንግዳ መሆን ላለማክበድ መጠንቀቅ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን በክብር መቀበልም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቀረበላቸው ጥቂት ነገር ቢሆንም እንኳ ስጦታን እንደሚቀበሉ አስተምረዋል። ትንሹ ልጅ ከሩቅ፣ «ገብሱን ከፍለን ጨረስን፤ ዜሮ ቀረ!» ብሎ ጮኸ። እናቱ «ዝም በል!» ብለው ተቆጡት። የእኔ የክረምት ፈተና ውጤት የተነበበልኝ ያን ጊዜ መሰለኝ።

በዚያ ክረምት ሃያ ያህል ልጆች መደመርና መቀነስ ተሻሽለዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ያ ቤተሰብ ለእኔ ያደረገው ግን እኔ ካደረግሁት ይበልጣል። ዘንድሮ ለምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማታ ራት ሲቀርብላችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ልጆቹ በልተዋል? እናትየዋ በልታለች? ይህን ሳታውቁ እጃችሁን አትስደዱ።

አላህ ኺድማችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርግልን። ያስተናገዱንን ሁሉ በጎተራቸውና በልጆቻቸው በረካ ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ. በአንሷሩ ታሪክ ውስጥ እንግዳው የበላውን ቢያውቅ ኖሮ ምን ማድረግ ይገባው ነበር? አለመብላት ይሻለው ነበርን?

ለ. ያደግንበት ቤት ከሐምሌ እስከ መስከረም እንዴት ይሻገራል? እንግዳ ሲመጣ እናቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?

ሐ. አስማ ቢንት ዑመይስ ከሐበሻ የተማረችውን እንዳስታወስን፣ እያንዳንዳችን ክርስቲያን ከሆነ ጎረቤት ወይም አስተናጋጅ የተማርነውን አንድ ጠቃሚ ነገር እንናገር።

መ. ጀመዓችን ለክረምት በጎ ፈቃደኞች የቀለብ ድጋፍ ማሰባሰብ ቢጀምር፣ ለማን፣ መቼና በምን መንገድ ቢደርስ የአስተናጋጁ ክብር ይጠበቃል?